ብሎን ምን ያህል ይጠበቅ? ከዳንግላ ጋራዥ የተገኘ የፊዚክስ ጥያቄ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ የዳንግላን ከተማ ሰንጥቆ ያልፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ዕረፍት፣ የተነፈሰ ጎማ ለማስጠገን በዚያው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ጋራዥ ተቀምጬ ነበር። ከአጠገቤ አንድ ወጣት የባጃጅ አሽከርካሪ የሞተር ዘይት ያስቀይራል። አሮጌው ዘይት ፈስሶ ካለቀ በኋላ የማፍሰሻው ብሎን ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ወጣቱ መካኒኩን እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ ጠበቅ አድርጉልኝማ፤ ባለፈው ዘይቱ እየተንጠባጠበ መንገድ ላይ ነው ያለቀብኝ።»

መካኒኩ መፍቻውን ለረዳቱ ሰጠው። ረዳቱም ለጥንቃቄ ብሎ በመፍቻው እጀታ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ በሰውነቱ ክብደት ተጫነው። ብሎኑ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ቀጥሎም ሳይታሰብ ለስላሳ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምንም ተቃውሞ ይሽከረከር ጀመር። «ጋሼ፣ ጥርሱ ተበላ» አለ ረዳቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ብሎኑ ሲወጣ በዙሪያው እንደ ሞላ የተጠቀለለ አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ክር ይዞ ነበር። ብሎኑ ምንም አልሆነም። የተበላው የሞተሩ አካል ነው።

ባጃጁ የወጣቱ አልነበረም። ቢሠራም ባይሠራም ለባለንብረቱ የቀን ገቢ የማስገባት ግዴታ ነበረበት። የተበላው ጥርስ በሰፊው ተቦርቡሮ ከብረት ሽቦ የተጠቀለለ ምትክ ጥርስ እስኪገባለት ድረስ ባጃጁ አራት ቀን ቆመ። ወጣቱ የእኔን ሙያ ከመካኒኩ ሰምቶ ኖሮ፣ «መምህር፣ ጥፋቱ የማነው? ጠበቅ አድርጉ ያልሁትኮ እኔ ነኝ» ሲል ጠየቀኝ። ለብዙ ዓመታት ቶርክ ማለት የኃይልና የክንድ ብዜት እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ የረባ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው።

ብሎን ሞላ ነው

ብዙዎቻችን ብሎንን እንደ ሚስማር እናስበዋለን፤ በገባ ቁጥር የሚይዝ፣ በጠበቀ ቁጥር የሚጠነክር። የብሎን አሠራር ግን ከሚስማር ይልቅ ለሞላ የቀረበ ነው። ዳዶው ወይም የብሎኑ ራስ ማረፊያው ላይ ከደረሰ በኋላ መፍቻውን ማዞር ስንቀጥል፣ የብሎኑ ግንድ ከሁለት ወገን ተይዞ ይለጠጣል። የተለጠጠው ግንድ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ይስባል፤ ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ የሚይዛቸውም ይህ የመመለስ ስበት ነው። የመጨበጫ ኃይል ብለን እንጥራው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ፣ ማለትም መለጠጥ ከሚለጥጠው ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚለው፣ በጋራዥ ወለል ላይ በየቀኑ ይሠራበታል።

መጠኑን በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። በ10 ቁጥር መፍቻ የሚፈታውን፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የተለመደ ብሎን እንውሰድ። በራሱ ላይ «8.8» የሚል ጽሕፈት ካለው፣ የመጀመሪያው 8 ብሎኑ ለመበጠስ በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 8 ደግሞ ከዚህ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ብሎኑ የመመለስ ጠባዩን አጥቶ ለዘለቄታው መርዘም እንደሚጀምር ያመለክታል። የዚህ ብሎን ሸክም ተሸካሚ ስፋት 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሳይበላሽ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ከፍተኛ ኃይል ወደ 11,600 ኒውተን ነው። መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 8,700 ኒውተን ያህል ይመርጣሉ። ይህ ከትንሿ ጣት የቀጠነ ብሎን ዘጠኝ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው እህል እንደማንጠልጠል ነው።

ይህን ያህል ኃይል የሚያመነጨው መለጠጥ ምን ያህል ይሆናል? የሚለጠጠው ክፍል 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ መርዘሙ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ይኸውም የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብቻ ነው። የዚህ ብሎን ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሚታሰሩት ክፍሎች ምንም የማይታመቁ ቢሆኑ ኖሮ ከማረፊያው በኋላ የሚያስፈልገው የአንድ ዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ነበር። ክፍሎቹ በተግባር ስለሚታመቁ ትንሽ ይጨምራል። ያም ሆኖ «ለጥንቃቄ» ተብላ የምትጨመረው ሩብ ዙር ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነች ከዚህ መገመት ይቻላል።

እጃችን የሚሰማው ሌላ ነገር ነው

የምንፈልገው መለጠጡን ከሆነ፣ እጃችን ለምን አይነግረንም? መልሱ ሰበቃ ነው።

አንባቢ ከወረቀት ባለ ቀኝ ማዕዘን ሦስት ጎን ቆርጦ በእርሳስ ላይ ይጠቅልለው፤ የወረቀቱ ዘንባላ ጠርዝ የብሎን ጥርስ ሆኖ ይታየዋል። ብሎን ማለት በግንድ ላይ የተጠቀለለ ዳገት ነው። የ6 ሚሊ ሜትሩ ብሎን ዳገት 3.4 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነብላል። በደረቅ ብረት መካከል ያለው ሰበቃ ግን አንድን ዕቃ ከ8 ዲግሪ በላይ በሆነ ዳገት ላይ እንኳ ሳይንሸራተት አቁሞ መያዝ ይችላል። ብሎን በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ የማይዞረው ስለዚህ ነው። የዚህ ጥቅም ዋጋ ግን የምንከፍለው በማጥበቂያው ሰዓት ነው። በመፍቻ ከምንሰጠው ልፋት ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይበላል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው ከመቶ አሥር ገደማ ብቻ ነው። እጃችን «ጠበቀ» ሲለን የሚነግረን እንግዲህ በአብዛኛው ስለ ሰበቃው ነው።

ነገሩ የአማርኛን ጽሕፈት ያስታውሰኛል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ ፊደሉን ብቻ የሚያይ ሰው ግን መጥበቅ መላላቱን አይለይም። ብሎንም እንዲሁ ነው።

በሥራ ላይ የሚውለው ቀመር አጭር ነው፦ ቶርክ እኩል ይሆናል የሰበቃ ቁጥር ሲባዛ በመጨበጫው ኃይል ሲባዛ በብሎኑ ውፍረት። ለደረቅ ብረት የሰበቃው ቁጥር 0.2 ገደማ ነው። ለብሎናችን ብናሰላው 0.2 ጊዜ 8,700 ጊዜ 0.006፣ ማለትም ወደ 10.4 ኒውተን ሜትር ይመጣል። በ15 ሴንቲ ሜትር መፍቻ ይህ 7 ኪሎ ግራም በሚያህል ግፊት የሚገኝ ነው። አንድ ጎልማሳ ሳያስበው የሚሰጠው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን በዚያው ብሎን ጥርስ ላይ ዘይት ጠብ እናድርግ። የሰበቃው ቁጥር ወደ 0.14 ቢወርድና እኛ ያንኑ 10.4 ኒውተን ሜትር ብንሰጥ፣ የመጨበጫው ኃይል ወደ 12,400 ኒውተን ያሻቅባል። ከተፈቀደው 11,600 አልፏል! መፍቻው ያው፣ ክንዱ ያው፣ እጁም የሚሰማው ያው ነው፤ ብሎኑ ግን ተበላሽቷል። የቶርክ መፍቻ የሚባለው ውድ መሣሪያ እንኳ ከዚህ ወጥመድ ሙሉ በሙሉ አያድነንም። መሣሪያው ቶርክን ከ4 በመቶ ባልበለጠ ስሕተት ሊለካ ይችላል፤ ሰበቃው ከብሎን ብሎን ስለሚለያይ ግን የሚገኘው የመጨበጫ ኃይል ከታሰበው እስከ 25 ወይም 30 በመቶ ከፍና ዝቅ ይላል። በዝናባማው የአዊ ክረምት የዛገ ብሎን ደግሞ የተገላቢጦሽ ያታልላል፤ ዝገቱ ልፋቱን ሁሉ ስለሚበላው እጅ «ጠበቀ» እያለ ክፍሎቹ ሳይጨበጡ ይቀራሉ።

አሉሚኒየም ሲገባበት

የባጃጁ የማፍሰሻ ብሎን ከብረት፣ የሞተሩ አካል ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። አሉሚኒየም ቀላልና ሙቀት አስተላላፊ በመሆኑ ለሞተር ተመራጭ ነው። የመለጠጥ ግትርነቱ ግን የብረት አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ ጥርሱም በቀላሉ ይሸለታል። ሸክሙ በሁሉም ጥርሶች ላይ እኩል የሚከፋፈል ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከብሎኑ ራስ በኩል ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን የሸክሙን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሸከማል። እርሱ ሲሸለት ጭነቱ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል፤ ሁለተኛውም አይችለውም። ረዳቱ የተሰማው ያ ድንገተኛ መለስለስ ይህ ተከታታይ መሸለት ነው። ነዳፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ብሎን ብረት ውስጥ ሲገባ የውፍረቱን ያህል ጥልቀት ሲበቃው፣ አሉሚኒየም ውስጥ ግን የውፍረቱን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይሰጡታል።

በዚያ ቀን ምን ያህል ቶርክ ተሰጠ? ቧንቧው ሲጨመር ክንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ረዳቱ በ25 ኪሎ ግራም ክብደት ተጭኖት ከሆነ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገባ እንዲህ ላለ ብሎን የተለመደው ከ20 እስከ 35 ነው።

ሙቀትም ድርሻ አለው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በብረት ብሎን የታሰረ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ክዳን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ፣ ከብሎኑ በ0.026 ሚሊ ሜትር ያህል በልጦ ያድጋል። ክዳኑ ራሱ በመጠኑ ስለሚታመቅ ጭማሪው ሁሉ በብሎኑ ላይ ባይወድቅም፣ ቀድሞ 0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ ለተለጠጠ ብሎን ይህ ቀላል አይደለም። ጠዋት በብርዱ እስከ ወሰኑ ድረስ የጠበቀ ብሎን እኩለ ቀን ላይ ማንም ሳይነካው ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የረዘመው ረዝሞ ስለሚቀር ላልቶ ይገኛል። ባለቤቱም «ላልቷል» ብሎ ደግሞ ያጠብቀዋል።

ስለ ጠመንጃ ጥቂት

ይህ ችግር ከሞተር ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ከ1928ቱ የኢጣልያ ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት አገራችን ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የማውዘር ጠመንጃዎችን ገዝታ ነበር። በማውዘር ላይ የብረቱ አካል ከእንጨቱ ሰደፍ ጋር የሚያያዘው በሁለት ብሎኖች ነው። እንጨት ደግሞ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሸሻል፤ ሲጨቆንም ይሰባበራል። ብሎኑን የቱንም ያህል ብናጠብቀው መለጠጡን የሚጠብቅልን ጠንካራ ማረፊያ የለም ማለት ነው። የ1898ቱ ማውዘር ነዳፊዎች ያገኙት መፍትሔ የሚደነቅ ነው። በኋለኛው ብሎን ዙሪያ የብረት ቱቦ አስገብተው፣ ሸክሙ በእንጨቱ ፈንታ በቱቦው ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። የብሎኖቹ ራስም በየራሱ ትንሽ መቆለፊያ ብሎን እንዳይዞር ተገታ። ከመጠን በላይ ማጥበቅን አላስፈላጊ አደረጉት ማለት ነው።

በዘመናችን ጠመንጃዎች የእጅ መያዣ ላይ የሚገጠመው የአሉሚኒየም ሐዲድም የባጃጁን ታሪክ በትንሹ ይደግመዋል። ብሎኖቹ ከ6 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ናቸው፤ የሚገቡት ወደ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ከአፈሙዙ ሙቀት፣ ከተኩሱም ንዝረት ያገኛቸዋል። አምራቾች የሚያዝዙት ቶርክም ጥቂት ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርሱ ይሸለታል፤ ወይም ስሱ መያዣ ይጣመማል። የተጣመመው መያዣ አፈሙዙን ከነካ ደግሞ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ብሎን እንዳይላላ ተብሎ የሚቀባው ማጣበቂያም ገና እርጥብ ሳለ እንደ ዘይት እንደሚያንሸራትት ብዙ ሰው አያስተውልም።

የላላውስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ «እንግዲያው አላልቶ መተው ይሻላል» ወደሚል ድምዳሜ ሊወስድ አይገባም። በመኪና ጎማ ላይ የምናያቸው ብሎኖች የመኪናውን ክብደት በቀጥታ በጎናቸው የሚሸከሙ ይመስላሉ። በጤናማ አሠራር ግን ክብደቱን የሚያስተላልፈው ቸርኬው ከማረፊያው ጋር ያለው ሰበቃ ነው፤ ይህን ሰበቃ የሚፈጥረው የመጨበጫው ኃይል ነው። ኃይሉ ሲያንስ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ዳዶን ከምንም በላይ የሚፈታው እንዲህ ያለው የጎንዮሽ መንሸራተት ነው። በመንሸራተቱ ጊዜ ጥርሱን የሚገታው ሰበቃ ለቅጽበት ይጠፋና ዳዶው ዳገቱን ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጎማው መውለቁ፣ ወይም ብሎኖቹ ታክተው መበጠሳቸው የጊዜ ጉዳይ ነው። በተሳፋሪ በተሞላ ሚኒባስ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የከባድ መኪና ጎሚስታ አንድ ሜትር በሚያህል ብረት ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያጠብቅ አይተን ይሆናል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እንዲህ ሲያደርግ ወደ 690 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ብዙ መቶ ኒውተን ሜትር ለሚጠይቀው ለከባድ መኪና ይህ ያን ያህል የራቀ አይደለም። ያው ጎሚስታ በዚያው ብረት የቀላል ተሽከርካሪ ጎማ ሲያጠብቅ ግን፣ የሚፈለገው ከ80 እስከ 140 ኒውተን ሜትር በመሆኑ፣ አምስትና ከዚያ በላይ እጥፍ ይሰጠዋል። ቀለም፣ ዝገትና ጭቃ በቸርኬው ማረፊያ ላይ ካሉ ደግሞ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ተጨፍልቀው መለጠጡን ይሰርቁታል። ጎማ ከተቀየረ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና መፈተሽ የሚመከረው ለዚህ ነው። ዳንግላ ላይ ጎማ የቀየረ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ መፈተሽ አለበት ማለት ነው።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። በፊት ዘይቱ የተንጠባጠበው ብሎኑ ስለላላ አልነበረም። በራሱ ሥር የምትገባው ለስላሳ የብረት ሮንዴላ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀች በኋላ ሳትለወጥ ደጋግማ በማገልገሏ ነበር። የደነደነች ሮንዴላ በማጥበቅ ብዛት አትታሸግም። ስለዚህ ወጣቱ ያየው ምልክት እውነተኛ ነው፤ ያዘዘው መድኃኒት ግን የሌላ በሽታ ነው። ረዳቱም ቢሆን ጉልበቱን የሚመዝንበት ነገር አልተሰጠውም። እኔ ራሴ በጀርመን አገር ለዶክትሬት ስማር አንድ ውድ የላቦራቶሪ ዕቃ ላይ ብሎን በጥሻለሁ። የቤተ ሙከራው ባለሙያ አልተቆጣም፤ ጀርመን አገር በየጋራዡ የሚባለውን «ከጥብቅ ቀጥሎ የሚመጣው መውለቅ ነው» የሚል አነጋገር ብቻ ተናግሮ መፍቻውን ከእጄ ወሰደ።

በጀሪካን መለካት

የቶርክ መፍቻ በየጋራዡ ላይገኝ ይችላል። ውኃና ጀሪካን ግን የትም አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የሚስበውም በ9.8 ኒውተን ነው። ብሎኑ በግድግዳ ላይ እንዳለ ሚስማር አግድም የተቀመጠ ከሆነ፣ መፍቻውን ሰክቶ እጀታውን አግድም ማድረግና ከብሎኑ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ቀስ ብሎ ማንጠልጠል ነው፤ 9.8 ኒውተን ሜትር ይሆናል። እጀታው ወደ ታች ከወረደ አውልቆ እንደገና አግድም መስካት ያስፈልጋል፤ ሳይወርድ ሲቀር ልኩ ላይ ደርሷል። ጀሪካኑን መጣል ወይም ማወዛወዝ አይገባም፤ ሲወድቅ የሚሰጠው ኃይል ከክብደቱ ይበልጣልና። ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ዘይት ካለው ደግሞ ውኃው ሲሦ ያህል ይቀነስ።

በቀጣዩ ዓመት በዚያው መንገድ ሳልፍ ይህን ለረዳቱ አሳየሁት። ጥቂት አሰበና፣ «መምህር፣ የባጃጁ የዘይት ማፍሰሻኮ ወደ መሬት ነው የሚያየው፤ መፍቻው ጠፍጣፋ ይተኛል። ጀሪካኑ ቢንጠለጠል ወደ ታች ይጎትተዋል እንጂ ያዞረዋል እንዴ?» አለኝ። ልክ ነበር፤ ኃይሉ ከብሎኑ ምሰሶ ጋር ትይዩ ስለሚሆን ቶርኩ ዜሮ ነው። እኔ ወረቀት አውጥቼ ስሥል እርሱ ከጥግ አንድ አሮጌ ኩሽኔታ አንሥቶ በጋራዡ ቋሚ እንጨት ላይ በሚስማር አሰረው። ገመዱን በመፍቻው ጫፍ ቋጥሮ፣ አግድም ወስዶ፣ በኩሽኔታው ላይ አሳልፎ ጀሪካኑን በሌላው ጫፍ አንጠለጠለ። ስንት ሊትር እንደሞላበት ስጠይቀው አሥር ነው አለኝ። የመፍቻው ርዝመት 25 ሴንቲ ሜትር ነበር።